በእግሩ ተራራ የወጣው አውቶቡስ

ጃይሎሲ ናኮማ ዕድሜውን ሙሉ ከዞምባ ብላንታየር አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ፣ እግሮቹ የሚያውቁት ሥራ ነዳጅ መስጠትና ፍሬን መያዝ ብቻ ነበር። ቤቱ ከዞምባ ተራራ ግርጌ ነው። ጠዋት በረንዳው ላይ ሲቀመጥ ጫካውና ዓለቱ ፊቱ ላይ ይደቀናሉ፤ እሱ ግን አንድም ቀን በእግሩ ወጥቶት አያውቅም።

አንድ እሑድ ጎረቤቱ ወይዘሮ ዶሪካ ከአጥሩ ማዶ ነገር ጀመረችው። የቀድሞ አስተማሪ ናትና ምላሷ እስካሁን ጡረታ አልወጣም።

"አቶ ጃይሎሲ፣ እግርዎ ለጌጥ ነው እንዴ? ዶሮዎቼ እንኳ ከእርስዎ የበለጠ ይሄዳሉ።"

"ይኼ እግር ስንቱን ሕዝብ አጓጉዟል!"

"ቁጭ ብሎ ነዋ!"

ነገሩ ከነከነው። ማታውኑ "ቅዳሜ ተራራው ላይ እወጣለሁ፤ የፈለገ ይከተለኝ" ብሎ ለሰፈሩ አሳወቀ። አራት ሰው ተገኘ። ዶሪካ እሱ ሲወድቅ ለማየት፤ የሚስቱ ወንድም ዋይሶን ምግብ ወደሚሄድበት ሁሉ ስለሚሄድ፤ ሽማግሌው ልብስ ሰፊ ሳኑዲ ተጋብዘው እምቢ ማለት ስለማይሆንላቸው፤ ሚስቱ ማሊታ ደግሞ "የሚያነሳው ሰው ያስፈልገዋል" ብላ።

ጃይሎሲ የሚያውቀው የጉዞ ዝግጅት አንድ ዓይነት ብቻ ነው። ግቢውን አስጠረገና በእንጨት መሬቱ ላይ አውቶቡስ ሣለ። ተጓዦቹን ጠርቶም ቦታ ቦታቸውን ያሲዛቸው ጀመር።

"እኔ ከፊት ነኝ፤ ከኋላ ያቅለሸልሸኛል" አሉ ሳኑዲ።

"አባባ ሳኑዲ፣ በእግር እኮ ነው የምንሄደው" አለች ማሊታ።

"ይሁና! ሆዴ ይኼን በምን ያውቃል?"

ልትስቅ የመጣችው ዶሪካም "እኔ በመስኮት በኩል ካልሆነ አልሄድም" ብላ ድርቅ አለች። ጃይሎሲ መስኮቱ በገደሉ በኩል መሆኑን ሲያስረዳት ግን ሐሳቧን ለወጠች። ዋይሶን ረዳት ተባለ። ሥራው ስንቁን መሸከም ነው፤ የተቀቀለ ስኳር ድንች፣ እንቁላል፣ አንድ ጀሪካን ቶብዋ የሚባል የበቆሎ መጠጥ።

"አሁኑኑ ብንጠጣው ጭነቱ አይቀልም?" አለ።

"እጅህን አንሳ!" አለችው እህቱ።

ከሁሉ ያጨቃጨቀው ትርፍ ጎማው ነበር። ጃይሎሲ ያለ ትርፍ ጎማ ከመናኸሪያ ወጥቶ አያውቅም፤ ስለዚህ አንድ ትርፍ ጫማ ይያዝ አለ።

"አንድ እግር?" ማሊታ ዓይኗን አፈጠጠችና በልጃቸው ስም ጠራችው። "የፌስቶኒ አባት፣ ጥንዱን ቢይዙ ምን ይጎድልብዎታል?"

"አውቶቡስ ሁለት ትርፍ ጎማ ይዞ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

ፍሬን የሚይዘው ቀኝ እግር ነውና የቀኙ ተያዘ።

ቅዳሜ ማለዳ ዋይሶን ጭኑን በጥፊ እየመታ "ተራራ! ተራራ! የሞላ!" ሲል ጉዞ ተጀመረ። መንገዱ በጥድ ደን ውስጥ ድንጋይ ለድንጋይ የሚወጣ፣ ሥር የተጋደመበት ነው። ሳንቃ ተሸክመው ቁልቁል የሚሮጡ ሰዎች በመጡ ቁጥር ጃይሎሲ እጁን አንስቶ "ከባድ መኪና ነው፣ ቅድሚያ ስጡ!" እያለ ሁሉንም ዳር ያስይዛል።

ባዶ ቅርጫቷን ይዛ ከገበያ የምትመለስ ድንች ሻጭ ከኋላቸው ደርሳ ልታልፍ ብትሞክር፣

"ጥምዝ ላይ መቅደም ክልክል ነው!" ብሎ ጮኸ።

"ታዲያ ምን ላድርግ?" አለች ሴትዮዋ።

"ጠጋ ጠጋ በሉላት" አለ ዋይሶን፤ ቅርጫቷን ተቀብሎ ከሳኑዲ ኋላ አስገባት። ሴትዮዋም ሰልፉን ይዛ ሄደች። የመንደሯ መገንጠያ ጋ ስትደርስ "ወራጅ አለ!" አለች። አውቶቡሱ በሙሉ ቆመ። ቅርጫቷን አቀበሏትና አመስግና ወደ ቤቷ አመራች።

ከዚያ በኋላ የዶሪካ ጫማ ሶሉ ተገነጠለ፤ የግራው። ትርፉን የቀኝ ጫማ በግራ እግሯ አጥልቃ ስትሄድ በየጥቂቱ ወደ ቀኝ እየሳባት ከሳኑዲ ጋር ትላተማለች።

"ሹፌር፣ ይቺ ሴትዮ ታገባኛለች ወይስ ትገፋኛለች?" አሉ ሽማግሌው።

አናቱ ላይ ካለው ጠፍጣፋ ዓለት ሲደርሱ ጃይሎሲ ላቡን ሳይጠርግ ቁልቁል አየ። የብላንታየር መንገድ እንደ ክር ተዘርግቷል፤ አንድ አውቶቡስ እንደ ጥንዚዛ ያዘግማል።

"ማርሽ አልቀየረም" አለ።

"ከዚህ ይሰማዎታል?" አለች ማሊታ።

የቀኝ እግሩ ዓለቱን ይጫን ነበር። አውቶቡሱ ከዓይን እስኪጠፋ እንዲያ ቆየና እዚያው ጋደም ብሎ እንቅልፍ ወሰደው። ዋይሶን ስንቁን ጨረሰ። ጭጋግ መጣ፣ ካፊያ ጀመረ፤ ሹፌሩ ስለተኛ የሚነሳ ሰው ጠፋ። በመጨረሻ ማሊታ ብድግ አለች።

"እኔ እነዳለሁ። ባሌን ከኋላ ጫኑት።"

ቀስቅሰው ከሰልፉ ኋላ ሲያቆሙት ጃይሎሲ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳፋሪ ሆነ። መጀመሪያ "ቀስ በይ! ድንጋይ! ድንጋይ!" እያለ አሰለቻቸው። ግማሽ መንገድ ላይ ግን ከሰልፉ ቀረ። ሳኑዲ ዞር ብለው ቢያዩ ከተረከዙ የሚበልጥ እንጉዳይ ፊት ቆሟል፤ ዝናቡ ጀርባው ላይ ይወርዳል።

"ምን ሆነህ ነው?"

"እንዲህ ያለ ነገር መንገድ ዳር እንዳለ ሰው ነግሮኝ አያውቅም" አለ።

በማግስቱ ጉልበቱ አብጦ ከአልጋ መነሳት አቃተው። ዶሪካ በአጥሩ ላይ የሞቀ የጨው ውኃ አቀበለችና የሚቀጥለው ቅዳሜ ጉዞ ወዴት እንደሆነ ጮክ ብላ ጠየቀች።

"ማሊታን ጠይቂያት" አላት ከውስጥ። "እኔ ግን በመስኮት በኩል ነኝ።"