ለፊልሟ ሴትዮ የተሳለ ጃንጥላ

እትየ መታሰቢያ የጅጋ ሰው ናቸው። ሙሾ ሲያወርዱ ድንጋይ ያስለቅሳሉ ይባልላቸው ነበር። ሰው ሲሞት ከሩቅ ቀበሌ ሁሉ ይላክባቸዋል። እሳቸው ታዲያ ከማልቀሳቸው በፊት ይጠይቃሉ፤ ሟቹ ምን አረሰ፣ ማንን አስታረቀ፣ ማንን አሳደገ። ያልሠራውን ከጨመሩለት፣ የሠራውንም ከደበቁበት ሟቹ ይታዘባል ይላሉ። ውሸት የሚባል ነገር አይወዱም።

ጉልበታቸው ሲደክም ልጃቸው ዘመኑ ፍኖተ ሰላም ከተማ ወዳለው ቤቱ አመጣቸው። እዚያ ቤት አንድ ጠላት ቆያቸው። ቴሌቪዥን።

ጊዜው በየቤቱ ጣሪያ ላይ ዲሽ የበቀለበት ጊዜ ነበር። የዘመኑ ሚስት አምለሰት ማታ ማታ ከውጭ አገር መጥቶ በአማርኛ የተተረጎመ ተከታታይ ፊልም ታያለች። እትየ መታሰቢያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ጥጥ ይፈትላሉ። ጆሮ ግን አይዞርም። አንዳንዴም ዓይናቸው ያመልጣቸዋል።

"ይኸ ሰውየ አፉ ቆሞ ድምጡ ይሄዳል" ይላሉ። "እንዲህ ያለውን ለሽምግልና ብትልኪው ማን ያምነዋል?"

"ትርጉም ነው እኮ እማየ።"

"ታዲያ ባገሩ ቋንቋ አይዋሽም? አያርሱ፣ አያርሙ። ሲነጋ ለብሰው ይጣላሉ፣ ሲመሽ ለብሰው ይጣላሉ። እህሉ ከየት እየመጣላቸው ነው?"

ከሁሉ የሚያንገበግባቸው ግን የሞቱ ነገር ነበር።

"ገደል ገብቶ ሞተ ብለሽ ራት ያስከለከልሽን ሰውየ አይደለም እንዴ ይኸ?"

"ተርፎ ነው እማየ።"

"ሞቶ የሚመለስ ሰው ሞትን ያረክሳል።"

ከመንገዱ ማዶ ደግሞ ጌም ቤት አለ። ጎረምሶቹ "ሞትሁ"፣ "ገና ሁለት ነፍስ አለኝ" ሲባባሉ እስከ ቤት ይሰማል። እትየ መታሰቢያ ይኸን በሰሙ ቁጥር ያማትባሉ። "ነፍስ እንደ ድንች በቁና ሆነች" ይላሉ።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ የሚወዷት አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ጎረቤታቸው ወለተ ሥላሴ። ትልቅ ሰው ናት፤ ግን አንቱ ሲሏት ስለምትቆጣ ትንሽ ትልቁ አንቺ ይላታል። ልጅ አልወለደችም። የሰፈሩን አራስ ሁሉ ግን ገንፎ እያገነፋች፣ ገላ እያጠበች ያነሳች እሷ ናት። ቀን ቀን ከእትየ መታሰቢያ ጋራ በረንዳው ላይ ይፈትላሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ "እንግዲህ ልተኛ" ብላ ትነሳለች።

"አየሽ" ይሏታል አምለሰትን። "ደግ ሰው እንዲህ ነው። ከዶሮ ጋራ ይተኛል።" አምለሰት ወደ ጓዳ ትገባለች።

በጥቅምት አንድ ጠዋት ወለተ ሥላሴ ሳትነሳ ቀረች። ሌሊት ነፍሷ ወጥቶ አገኟት።

እትየ መታሰቢያ አንድ ነገር አሰቡ። ልጅ የሌለው ሰው ካልተለቀሰለት እንዳልኖረ ነው የሚቆጠር። ወለተ ሥላሴ አልቅሶ የሚቀብራት ልጅ የላትም። እንግዲያ ሰፈሩ ደረቱን መትቶ ያልቅስላት፤ እኔም አስለቅሰዋለሁ አሉ። በሠልስቱ ቀን ድንኳን ውስጥ ሴቶቹ ሲሰበሰቡ ነጠላቸውን አሸርጠው ቆሙ።

ገንፎዋን በልታችሁ ካልጋ የወረዳችሁ፣
ለሷ ብቻ ነው ወይ እንባ የከበዳችሁ?

ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ነጠላው ደረቅ ነበር። ደገሙት፤ አሁንም ደረቅ ነው። አንዷ ሰዓት ታያለች። እትየ መታሰቢያ ጅጋ እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም። ደማቸው ፈላ።

እንባችሁ በፊልሙ ማታ ማታ አለቀ፣
ለወለተ ሥላሴ ዓይናችሁ ደረቀ።

እታለም የምትባል የጓሮ ጎረቤት ተነሳች።

"ይበቃል እትየ መታሰቢያ። በቁም አይስደቡን። እርስዎ የሚያለቅሱላት ሴት ሌላ፣ እኛ የቀበርናት ሌላ ናት።"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ማታ ማታ እኔ ቤት ነበረች። ፊልም ስታይ። ባለ ቀይ ፀጉሯ ሴትዮ ስትታመም ከሁላችን ቀድማ ያለቀሰች እሷ ናት። ካዳንህልኝ ብላ ለሚካኤል ጃንጥላ ተስላላታለች።"

"ለማን?"

"ለፊልሟ ሴትዮ ነዋ።"

ከኋላ አንዷ ሳቋ አመለጣትና አፏን ያዘች።

"ትዋሻለሽ" አሉ እትየ መታሰቢያ። "ወለተ ሥላሴ ከዶሮ ጋራ ነበር የምትተኛ።"

"እርስዎን ፈርታ ነው። የመታሰቢያ ምላስ እሾህ ነው፣ እንዳትነግሩብኝ ብላ አስምላናለች።"

እትየ መታሰቢያ ወደ ምራታቸው ዞሩ። አምለሰት መሬት መሬት እያየች፣ "እውነት ነው እማየ" አለች።

ወለተ ሥላሴ ያን ሁሉ ቀን ከጎናቸው ተቀምጣ እየፈተለች፣ ፊልሙን ሲሰድቡ "እውነትሽን ነው" እያለች ዋሸቻቸው። ሟች ባትሆን ይሰድቧት ነበር። ከሁሉ የባሰው ግን ሌላ ነው። የሠራችውን ደብቀው ማልቀስ አይሆንላቸውም። ያን የጠሉትን ነገር ሙሾ ውስጥ ማግባት ሊኖርባቸው ነው።

"ሴትዮዋስ ዳነች?" አሉ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው።

"ድናለች። ትናንት ከአልጋ ተነሳች። ወለተ ሥላሴ ሳታይ።" እታለም ይኸን ስትል ድምጿ ተሰበረ።

እትየ መታሰቢያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ልጅ የላትም ብለን ስናዝንላት እኛ፣
ባሕር ማዶ ልጅ ነበራት አንዲት በሽተኛ።

ያን ጊዜ ድንኳኑ ፈነዳ። እታለም ደረቷን መታች። አምለሰት መሬት ላይ ተቀመጠች። ሳቋ ያመለጣት ሴት ከሁሉም በላይ ጮኸች። ወለተ ሥላሴ እናት እንደሆነች ሴት ተለቀሰላት። የእትየ መታሰቢያ ዓይን ብቻ ደረቅ ነበር።

ስለት ሳይገባ ከቀረ ለነፍስ ዕዳ ነው። ስለዚህ ኅዳር ሚካኤል ሲደርስ እትየ መታሰቢያ ወርቃማ ዘርፍ ያለው ጃንጥላ ገዝተው ራሳቸው ተሸክመው ሄዱ። አምለሰት ልያዝልዎት ብትል እምቢ አሉ። ስለት የሚናገረው ዲያቆን ማይኩን ይዞ ጎንበስ አለላቸው።

"የማን ስለት ነው እናቴ?"

"የወለተ ሥላሴ።"

"ምን አድርጎላት?"

ዞር ብለው አዩ። የሰፈሩ ሴቶች ከኋላቸው ተደርድረው ይጠብቃሉ።

"የታመመች ሴት አድኖላት።"

"የዳነችው ሴት ስም ማን ይባላል?"

"አላውቀውም። ላውቀውም አልፈልግም። ተቀበለኝ ልጀ፣ ከበደኝ።"

ዲያቆኑ ተቀብሎ ጃንጥላውን ዘረጋው። ሴቶቹ እልል አሉ። እትየ መታሰቢያ እልል አላሉም።