አባቴ ሣር ያስተማረበት መንደር

ልጅ እያለሁ ቅዳሜ ጠዋት ለእኔ የእርጥብ አፈር ሽታ ነበረው። በደርግ ጊዜ አባቴ ባሕር ዳር የእርሻ ባለሙያ ነበር። ክረምት ሲገባ ጣና ዳር ወዳለች አንዲት መንደር የዝሆን ሣር ተከላ ሊያስተምር ሲሄድ፣ እናቴን ለምኖ እኔን ይወስደኝ ነበር። እጄን ይዞኝ ታንኳ በሚሠራበት ደንገል ዳር ስንጓዝ እንደ እኔ የታደለች ልጅ ያለች አይመስለኝም ነበር።

ገበሬዎቹ መጀመሪያ ሳቁበት። «ጓድ፣ ደግሞ ለሣር ይታረሳል? ነገ አረም ትከሉ ሊሉን ነው!» አባቴ አልተቆጣም። ሦስት አንጓ ያለውን የሣር አገዳ ቁራጭ ሰያፍ አድርጎ ሁለቱን አንጓ አፈር አለበሰው፤ አንዱን ወደ ላይ አስቀረው። «የተከለ ያጭዳል፤ በበጋ ከብታችሁ አይራብም» አላቸው።

እትዬ ብርቄ የሚባሉ፣ አንዲት ላም ብቻ የነበረቻቸው ሴት፣ እኔን ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና «ልጁን ይዞ የመጣ ሰው አይዋሽም» አሉ። በዚያው ሳምንት የጌሾ መደባቸውን ነቅለው ሣር ተከሉ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ከዚያ ወዲህ በሄድሁ ቁጥር በቅል እርጎ ይሰጡኝ ነበር፤ «ሣሩ ይድረስ እንጂ ገና ቅቤ እልክልሻለሁ» ይሉኛል።

በጥቅምት ሣሩ ከአባቴ ቁመት በለጠ። አንድ ቅዳሜ ስንደርስ የጭነት መኪና ቆሟል፤ የማናውቃቸው ሰዎች ሣሩን ያጭዳሉ። አባቴ ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ አነበበ፤ ሣሩ በሙሉ ለመንግሥት ከብት ማድለቢያ ነው ይላል። ድምፁ አንዴም አልተደናቀፈም።

እትዬ ብርቄ እሱን አልፈው መጡ። ወደ እኔ ጎንበስ ብለው «አንቺስ፣ ልጄ፣ ታውቂ ነበር?» አሉኝ።

«አላውቅም ነበር» አልሁና አለቀስሁ።

«እንግዲያውስ እኔና አንቺ እኩል ነን» ብለው ወደ ላማቸው ሄዱ። ላሚቱ በዚያ በጋ መኖ አጥታ ፋሲካ ሳይደርስ ለሥጋ ተሸጠች ሲሉ በኋላ ሰማሁ።

የዚያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ «አባዬ፣ ታውቅ ነበር?» አልሁት።

«ትእዛዝ ነው» አለኝ። «አንቺን ባልወስድ ማን ይሰማኝ ነበር?»

እጄን ሊይዝ ሲል ከኋላዬ ደበቅሁት።

ዛሬ በዚያ በኩል ሳልፍ በየአጥሩ ጥግ የዝሆን ሣር አያለሁ፤ የተከለው ያጭዳል፣ ከብቱም ይበላል። ስለ ሣሩ አባቴ አልዋሸም። እኔ ግን ልጆቼን ይዤ ለልመናም ሆነ ለእርቅ የማንንም ደጅ ረግጬ አላውቅም። ባለቤቴ «ምነው ልጆቹን ይዘሽ ብትሄጂ፣ የሰው ልብ ይራራል» ሲለኝ እቆጣው ነበር፤ እሱም እልኸኛ ይለኝ ነበር። ዘንድሮ ሲሞት ምክንያቱን ሳልነግረው ቀበርሁት።