ከቻይና ተራራ ያመጣሁት ድንጋይ

እሑድ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት

የፋብሪካው በር ላይ ቆሜ ዓይኔን አሻለሁ። እስራኤል፣ ሐደራ ኢንዱስትሪ ዞን ያለው የምሠራበት የፕላስቲክ ፋብሪካ አዲስ ማሽን ገዝቶ፣ አሠራሩን እንድማር ለሦስት ሳምንት ደቡብ ቻይና ልኮኛል። ዛሬ ግን ማሽኑም ሰዉም ያርፋል፤ ቻይናዎች የሙታናቸውን መቃብር የሚጠርጉበት በዓል ነው። አሠልጣኜ ሊን "ብቻሽን ሆቴል አትቀመጪም" ብላ አያቷ መንደር ልትወስደኝ መጣች። የምንግባባው በስልኳ አስተርጓሚ ነው።

ሐደራ፣ ሰፈራችን ቤት ኤሊዔዘር ስንሰነባበት እናቴ ያለችኝ ከጆሮዬ አልወጣም። "ለቻይና ሲሆን ይለቁሻል፤ ለጎንደር ሲሆን ሖፌሽ፣ የዕረፍት ፈቃድ፣ የለም፣ አይደል ልጄ?" ወደ እስራኤል የመጣነው አባቴን ጎንደር አጠገብ ባለች መንደር ቀብረን ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሆነው። መቃብሩን አሳዪኝ ባለች ቁጥር "ለሚመጣው ዓመት" እላታለሁ። አፌ ለምዶታል።

ረፋድ፣ 5 ሰዓት

አውቶቡሱ ሽቅብ ይጠማዘዛል። ጭጋግ፣ ቀርከሃ፣ ጥቁር የጣራ ክዳን፣ ከሸለቆ እስከ ተራራ አናት የተደረደረ እርከን። አንዱን መታጠፊያ ስናልፍ ማሳው ሁሉ ቢጫ ሆነ። አላስቻለኝም፣ ለእናቴ በቪዲዮ ደወልኩ። ሐደራ ገና መንጋቱ ነው።

"ውይ! ጎመንዘር ነው እኮ!" አለች። "ስልኩን ዝቅ አድርጊው እስቲ፣ አፈሩን ልየው።"

ዝቅ አደረግኩት።

"ከአባትሽ መቃብር በታች ያለውም ማሳ እንዲህ ነበር" አለችና ዘጋችው። ሊን ምንም ሳትጠይቅ መንደሪን ልጣ ሰጠችኝ።

ከሰዓት፣ 8 ሰዓት

የሊን አያት አጭር፣ ፈጣን ሴት ናቸው። የባላቸውን መቃብር በማጭድ አጨዱ፣ ጠረጉ፣ ድንጋዩን አንድ በአንድ ለቀሙ። ከዚያ ተቀምጠው ለሟቹ ወሬ ይነግሩት ጀመር፤ የእርሻ ጎሿ ወልዳለች፣ ጣራው አፍስሶ ተጠግኗል፣ ሊን ዛሬም አላገባችም። ሊን ሳቀች። እኔ ቀናሁ።

የክብር ነገር ላድርግ ብዬ፣ ሐደራ መቃብር ስንጎበኝ እንደለመድኩት ትንሽ ድንጋይ አንስቼ መቃብሩ ላይ አኖርኩ። አሮጊቷ ብድግ አድርገው ወደ ገደሉ ወረወሩት። እስከ አሁን ድንጋይ ሲለቅሙ ለቆዩ ሰው! በኀፍረት መግቢያ አጣሁ። "በእኛ ዘንድ መጥቼ ነበር ማለት ነው" አልኩ በስልኩ፤ ስለ አባቴም ነገርኳቸው።

አሰቡና ጠየቁኝ። "የአባትሽንስ መቃብር ማን ይጠርገዋል?"

"ማንም።"

አያት ምርኩዛቸውን ይዘው ቁልቁል ወረዱ። ሣሩን ሲዳብሱ ቆይተው አንድ ድንጋይ ይዘው ተመለሱ። ያው ይሁን ሌላ እንጃ። በሽርጣቸው ጠርገው መዳፌ ላይ አኖሩና ጣቶቼን አጠፉልኝ።

"ለእኛ አንቺው መጥተሻል። ይሄንን ለአባትሽ ውሰጂለት።"

ሐሙስ፣ ሐደራ

አውቶቡሱ ቤት ኤሊዔዘር አወረደኝ። እናቴ ለፋሲካ የቁም ሣጥኑን ልብስ ሁሉ አውጥታ ታጸዳለች። ሻንጣዬን ሳልፈታ ድንጋዩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ታሪኩን ነገርኳት።

"እማዬ፣ ከፋሲካ በኋላ እንሂድ።"

ከተከመረው ልብስ መሃል ነጠላዋን ፈልጋ ፈታችው። ከውስጡ ሰማያዊ ዳርኮኗን፣ ፓስፖርቷን፣ አውጥታ ከድንጋዩ ጎን አኖረችው፤ የጉዞ ማኅተም ያላረፈበት፣ አዲስ።

"ካሳደስኩት ሁለት ዓመት አለፈው" አለች። "አንቺን ነበር የምጠብቀው።"