ድስቱን የጣደው ማን ነው?

ልብስ ሰፊውን ሰፈርተኛው «አቶ ሜትር» ይለዋል። ሜትሩ ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም፤ አንድ ቀን ለቅሶ ቤት ይዞት ገብቶ፣ ሟቹን ሊለካ የመጣ መስሏቸው የደነገጡ አሉ። «አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚለውን አባባል ጠዋት ማታ የሚደግም ጥንቁቅ ሰው ነው። ቅዳሜ ማለዳ ሚስቱ ወደ ወላጆቿ ቤት መኪና እየነዳች የሰጠችው ሥራ ግን በሜትር የሚለካ አልነበረም።

«የእማዬና የአባዬ ጎረቤቶች ደውለውልኛል» አለችው። «ከሁለቱ አንዳቸው መርሳት ጀምረዋል። ባዶ ድስት ጥደው ይተዉታል። ጎረቤቶቹ ጭሱን እንጂ የጣደውን አላዩም። ወንድሜ ደግሞ አንዳቸውን ብቻ ነው የምችለው ይላል። ደህና የሆኑትን እሱ ይወስዳል፣ የሚረሱትን እኛ። እንደምንም ብለህ የትኛቸው እንደሆኑ እወቅልኝ፤ ለእኔ እንደሆነ ትንፍሽ አይሉም።»

«እኔ ልብስ ሰፊ እንጂ መርማሪ ነኝ እንዴ?»

ዕድሜ ልካቸውን አንድ ትራስ የተካፈሉ ሰዎችን ለሁለት መቅደድ ሆዱ አልፈቀደም። ምን ያድርግ፣ ቤቱ ያለችው ትርፍ ክፍል አንዲት ናት፤ እሷንም የስፌት መኪናው ይዟታል።

አማቾቹ በር ላይ እየተጋፉ ተቀበሏቸው። አቶ ሜትር ልብስ ልስፋላችሁ ብሎ መለካት ጀመረ። ሰው ሲለካ ምስጢር ያወጣል፤ ይህን ከሥራው ያውቃል። ሚስቱ ጎረቤት ስትሄድ ከአባባ ጀመረ። ትከሻቸውን ሲለካ ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ሆድ ይፍጀውና እሷ መርሳት ጀምራለች። ድስቱ ባረረ ቁጥር እኔ ነኝ ያሳረርኩት እላለሁ። ለልጄ እንዳትነግርብኝ።»

«ምን በወጣኝ አባባ» አለና የትከሻቸውን ልክ ረሳው።

ቀጥሎ ተራው የእማማ ሆነ። ወገባቸውን ሲለካ ክንዱን ጭምቅ አደረጉት።

«የኔ ልጅ፣ ሰውዬው ትዝታው እየከዳው ነው። ድስት ጥዶ ይረሳል። እኔ ነኝ እያልኩ እሸፍንለታለሁ። አደራህን፣ ልጅቷ እንዳትሰማ።»

አቶ ሜትር ግራ ገባው። ወይ አንዳቸው መርሳታቸውን ረስተውታል፣ ወይ ሁለቱም፣ ወይ አንዳቸው ይዋሻሉ። ሁለቱም ሲነግሩት ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እራት ላይ አባባ ሾርባው ውስጥ ሁለት ጊዜ ጨው ሲጨምሩ አየና «ተገኙ!» ብሎ በሆዱ ፈረደ። ወዲያው እማማ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰክተው መነጽር ፍለጋ ቤቱን ያተራምሱት ጀመር። እሱ ራሱስ ባለፈው ሳምንት ሜትሩን አንገቱ ላይ አድርጎ ሲፈልገው አልዋለም? ፍርዱን ሰረዘ።

እሑድ ጠዋት ሳሎን ተቀምጠው ሳለ የሚያቃጥል ሽታ መጣ። ሚስቱ ኩሽና ሮጣ የከሰለ ባዶ ድስት ይዛ ወጣች።

«ማን ነው የጣደው?»

«እኔ ነኝ!» አሉ አባባ።

«እኔ ነኝ እንጂ!» እማማ ከአፋቸው ነጠቁ።

ሚስቱ ወደ ባሏ ዞረች፤ ፍረድ ማለቷ ነው። የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። አንዳቸውን ቢጠቁም ሁለቱንም ቆረጣቸው ማለት ነው፤ ያለ ልክ የተቆረጠ ጨርቅ ደግሞ እንዴት እንደሚያስለቅስ ያውቃል።

«እኔ ነኝ» አለ። «ሻይ ላፈላ ብዬ ነው።»

«በድስት?»

«አዎ፣ በድስት» አለ፣ ላብ እያጠመቀው።

«ምስኪን!» አሉ አባባ ወደ እማማ ዘንበል ብለው። «ገና በዚህ ዕድሜው!»

እየተመለሱ መንገዱ ሲጋመስ ሚስቱ መኪናዋን ዳር አስይዛ አቆመች።

«ድስቱን የጣድኩት እኔ ነኝ» አለች። «የትኛቸው እንደሆኑ መለየት ሲያቅተኝ፣ በዚህ ልለያቸው ብዬ ነው። ሦስታችሁም ዋሻችሁኝ።» እንባዋ ወረደ።

አቶ ሜትር ይቆጣ ይሳቅ ጠፋው። «ታዲያ አሁን ለየሻቸው?»

«አልለየኋቸውም።» አፍንጫዋን ጠረገች። «የስፌት መኪናህ ሳሎን ይገባል?»

ሜትሩን ከአንገቱ አወረደና ጭኑ ላይ አጣጥፎ አስቀመጠው። «መስኮቱ ሥር ይገባል» አለ። «ክፍሏ ግን ጠባብ ናት፤ ሁለት አልጋ አትይዝም።»

«አንድ ይበቃቸዋል» አለችና መኪናዋን ወደ መጡበት አዞረች።