ጮቄ ላይ ያልፈረምሁት ወረቀት

ሥራ የጀመርሁበት ቀን በክርክር ነው የተከፈተው። ሁለት አጋሰሶችና አንዲት በቅሎ እየነዳሁ ሮብ ገበያ፣ ጮቄ ተራራን የሚያስጎበኙት ሰዎች ማኅበር ደጃፍ ደረስሁ። ሊቀ መንበሩ አያ ደምሴ ከላይ እስከ ታች አየኝና «ባልሽ የት አለ?» አለኝ።

«ሞቷል።»

«እና ማን ሊጭን ነው?»

«የሞተው እሱ ነው፤ የእኔ እጅ አልሞተም።»

ሳቀና «ይታይሽ» ብሎ ስሜን መዘገበው።

ከዚያ በፊት ደጀን፣ ጉንደ ወይንና ዲማ ገበያ ስዞር ኖሬያለሁ፤ እህልና ጌሾ እጭን ነበር። አይሱዙ መጥቶ ጭነቱን ሲወስደው ቤት መቀመጥ አልሆነልኝም። ልጆቼ «እናታችንን እግሯ ያሳክካታል» ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም። ፊደል የለየሁት ዲማ ቅኔ ይማር ከነበረው ታናሽ ወንድሜ ዘንድ እያደርሁ፣ ቁጭ ብዬ ሳዳምጥ ነው። ይህን ለሰው አላወራም ነበር። ለምን እንደ ጠቀመኝ ኋላ ታያላችሁ።

ማኅበሩ ሁለት ዓይነት ሠራተኛ አለው። ጫኝ ከብቱን ይጭናል፣ ይነዳል። መሪ ደግሞ ከፊት ይሄዳል፤ ሲመለስም «እንግዳው ጫፍ ደርሷል» ወይም «አልደረሰም» ብሎ ወረቀት ላይ ይፈርማል። ጫኝ ሆኜ ገባሁ፤ በሦስተኛው ዓመት መሪ ሆንሁ። ዕቃዬ ድብዳብ፣ ልጓም፣ ጭነት የምናስርበት ረጅም ጠፍር ማለትም መጫኛ፣ ለብርዱም በርኖስ ነው።

መሪ በሆንሁበት ዓመት ያጠፋሁትን ልንገራችሁ። አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ነበሩ። ጅብራ ከሚባለው ረጅም የደጋ ተክል መሐል ስንደርስ እግራቸው ተወላገደ፤ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። አየሁ፤ ግን እንግዳን ከመንገድ «ይመለሱ» ማለት ከፊቱ ማዕድ እንደ ማንሣት ሆነብኝ። ደግሞም አገራቸው ገብተው «ኢትዮጵያውያን ከደጅ መለሱኝ» ይላሉ ብዬ ፈራሁ። በሶ በጥብጬ አጠጣኋቸውና ወደ ላይ ቀጠልን። ከጫፉ በታች ወደቁ። አራት ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ አወረዳቸው። እግዜር አተረፋቸው።

አያ ደምሴ አልተቆጣኝም። መጫኛ ሰጠኝና «ከእንግዲህ አፋቸውን አትጠይቂ። ሁሉም ደህና ነኝ ይላል። ጣታቸውን ጠይቂ» አለኝ።

ሥራው እንዲህ ነው። ጠዋት ከታች ሳለን እንግዳውን አንድ የጭነት ቋጠሮ አስተምረዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ ዞሮ አንድ ጊዜ የሚሳብ። ከዚያ ሦስት ቦታ ላይ ብቻውን ያስራል፦ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ሲጀምር፣ ጓሳ ሣር የሞላበት ሜዳ ላይ፣ በመጨረሻም በቅሎ ማሰሪያው ዘንድ። በቅሎ ማሰሪያ የምንለው ከጫፉ በታች ያለውን ድንጋይ ነው። ከዚያ ወዲያ ከብት አናሳልፍም፤ ጫፉን የሚረግጠው ሰው ብቻ ነው። መቋጠር ያቃተው ይወርዳል። አየሩ የሳሳበት ሰው ምላሱ ሳይሰናከል ጣቱ ቀድሞ ይከዳዋል።

እነ መቅደስ የመጡት ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በሁለት መኪና ነው። መቅደስ የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት፤ አዲስ አበባ ሥራ ይዛ ተራራ መውጣት ለመደች። ባሕር ማዶ ሄዳ ከዓለም ተራራ ሁሉ በሚበልጠው ላይ ሰንደቅ ዓላማ ልትተክል ነው ተባለ። ጮቄ መሞከሪያዋ ነው። አብሯት ወጪዋን የሚችለው ኩባንያ ሰው ሮቤል አለ። ኩባንያው ምን እንደሚሸጥ እስካሁን አልገባኝም፤ አንዱ ውኃ ነው ይለኛል፣ ሌላው ባንክ። ሦስተኛው አንድ ሹም ናቸው፤ የመጡበትን መሥሪያ ቤት ተነግሮኝ ረሳሁት።

ከመጀመሪያው አላመንኋቸውም። ሲጭን የኖረ ሰው ከረጢቱን ሳይፈታ ያውቃል። የምግቡን ባነሣው እንደ ላባ ቀለለኝ። ትልቁ ግን አንዱን አጋሰሴን አጎበጠው። ፈትቼ ባይ የተጠቀለለ ጨርቅ ነው፤ ባነር ይሉታል። ስድስት ባነር! የኩባንያው፣ የሹሙ መሥሪያ ቤት፣ የማላውቃቸው ሌሎችም። ሰንደቅ ዓላማው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከሥር ተጨማዷል። አውጥቼ አጠፍሁትና በበርኖሴ ውስጥ ያዝሁት።

ሮብ ገበያ ላይ ሕዝቡ ተሰብስቦ እልል አለ። ሹሙ ድንጋይ ላይ ቆመው «ዛሬ የምትወጣው አንዲት ልጅ አይደለችም፤ አገር ናት!» አሉ።

«አገር ከሆነች በእግሯ ትሂድ፤ በቅሎዬ አትችላትም» አልሁት ለአያ ደምሴ በጆሮው። በክርኑ ጎሸመኝ።

ሁለት ሌሊት እያደርን ቀስ ብለን እንውጣ ብዬ ነበር። እነሱ ከአዲስ አበባ ገና ትናንት መግባታቸው ነው። ሮቤል ሰዓቱን አየና «አይሆንም እማማ፤ ለእሑድ ዜና መድረስ አለበት» አለኝ። ተራራ ለዜና ሲባል እንደሚቸኮልበት ያን ቀን ሰማሁ።

አስታው ሲጀምር መጫኛውን ዘረጋሁ። መቅደስ ሳትመለከተው ቋጠረችው።

«እማማ ይታይሽ፣ ፈተና ነው እንዴ?»

«ሰላምታ ነው ልጄ።»

ሮቤል ስልኩን በአንድ እጁ ይዞ ሞከረና ተበላሸበት፤ ደገመው። ሹሙ ከበቅሎዋ ሳይወርዱ «እኔ አልቋጥርም፤ በቅሎ ላይ ነኝ» አሉ።

«እንግዲያው በቅሎዬ ትቋጥርልዎ» አልኋቸው። መቅደስ ሳቀች። የዚያን ቀን የሳቀችው ያኔ ብቻ ነው።

ጓሳው ሜዳ ላይ ቋጠረችው፤ ግን ዘገየች። «ብርዱ ነው» አለችኝና ጥቁር መነጽሯን አደረገች። ፀሐይ አልነበረም። ዓይኗን ልትደብቀኝ ነው ብዬ ጠረጠርሁ። እውነቱን ለመናገር እሷንም ከእነሱ ጋር አንድ አድርጌ ጠረጠርኋት።

በቅሎ ማሰሪያው ስንደርስ ጉሙ ዋጠን። መጫኛውን ሰጠኋት። ሁለቱን ጫፍ ይዛ የሌላ ሰው እጅ እንደምታይ ሆና ቀረች።

«እማማ፣ ይሄኛው በየት ነው የሚገባው?»

አሳየኋት። ደግማ ጠየቀችኝ። አሳየኋት። ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቀችኝ።

«እናትሽ ማን ትባላለች?» አልኋት።

ፈገግ አለችና ዝም አለች።

«ትወርዳለች» አልሁ።

ሮቤል ጮኸ። «ሃያ ደቂቃ ነው የቀረው! ደግፈን እናወጣታለን።»

«ደግፋችሁ ካወጣችኋት የወጣችሁት እናንተ ናችሁ።»

ሹሙ ለስለስ ብለው «እናቴ፣ ይህ የአገር ጉዳይ ነው» አሉኝ።

«አገር ይምጣና ይቋጥርልኝ።»

ሮቤል ዙሪያውን ጉሙን ቃኘ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በዚህ ጉም ጫፉን ከዚህ ማን ይለየዋል? እዚሁ ፎቶ እናንሣት።» ባነሮቹ ተዘረጉ። ሰንደቅ ዓላማውን ስጪን አሉኝ፤ ሰጠሁ። ባልሰጠሁ ኖሮ እላለሁ አሁን። ሹሙ ከጨርቁ ኋላ ቁጢጥ ብለው የልጅቱን ወገብ በሁለት እጃቸው ደገፉ፤ እንዳትወድቅ። ከፊት ለሚያያት ብቻዋን ቀጥ ብላ የቆመች ትመስል ነበር። ሮቤል አነሣ።

ከዚያ እሷን በቅሎዋ ላይ አወጣኋት። ሹሙ በእግራቸው ወረዱ። አስታው ዘንድ ስንደርስ ፊቷ ተመለሰ። መንደር ስንገባ ድንች በላች።

በማግስቱ ማኅበሩ ቤት ጠሩኝ። ያኔ ጣሪያው ሣር ነው፤ ያፈስስ ነበር። ሮቤል ወረቀት አቀረበልኝ፤ የቀለም መርገጫም ከቦርሳው አወጣ።

«አውራ ጣትዎን እዚህ ጋ፣ እማማ።»

«ቆይ ልየው።»

ጣቴን ከፊደሉ ሥር እያስኬድሁ ጮክ ብዬ አነበብሁ። «ጫፍ ደርሳ በሙሉ ጤንነት መመለሷንና ለከፍተኛ ተራራ ብቁ መሆኗን አረጋግጣለሁ» ይላል። የሮቤል ፊት ሲለዋወጥ አየሁ። በራስጌው ካለው ቀን እንዳየሁት ወረቀቱ አዲስ አበባ ተጽፎ፣ ከእኛ መውጣት በፊት የተዘጋጀ ነው። ጫፍ መድረሷን የጻፈው ሰው ጮቄን አላየም።

ፎቶውስ ፎቶ ነው፤ ውሸት ቢሆን ማንንም አይገድልም። ይህ ወረቀት ግን ልጅቱን የጮቄን እጥፍ ወደሚሆን ተራራ የሚሰድዳት ነው። አልፈርምም ብዬ ወጣሁ።

መቅደስ ተከትላኝ መጣች። «እማማ፣ ይፈርሙልኝ። ያለዚህ ወረቀት አያስሄዱኝም። እናቴ ሰፈሩን ሁሉ ጠርታ አስመርቃኛለች፤ ምን ብዬ እመለሳለሁ?»

«ትናንት ምን ሆነሽ ነበር?»

«ብርዱ ነው አልኩዎት እኮ።»

«የእናትሽን ስም ጠየቅሁሽ። ታስታውሻለሽ?»

አላስታወሰችም። «ምን ብዬ መለስኩ?»

«አልመለስሽም።»

ቀላች። ከዚያ «ሴት ሆነው ሴት ይጥላሉ?» አለችኝ።

ይህ ገባኝ። ከመጫኛዬ አንድ ክንድ ያህል ቆረጥሁና ዘረጋሁላት። «በምትደርሺበት ሁሉ ብቻሽን ቋጥሪው» አልኋት። አልተቀበለችኝም። ፊቷን ስታዞር በቦርሳዋ ኪስ ከተትሁት።

አመሻሽ ላይ አያ ደምሴ በእኔ ፈንታ መፈረሙን ሰማሁ። ሄድሁበት።

«ጣታቸውን ጠይቂ ያልኸኝ አንተ አይደለህም?»

«ነኝ። ለማኅበሩ ቆርቆሮ ቃል ገቡልን፣ ይታይሽ። ልጅቱም ደህና ናት፤ ድንች ስትበላ አላየሻትም?»

«አይቻታለሁ፤ ከታች።»

ዓይኑን አላነሣም። እኔም ከመሪነት ወደ ጫኝነት ተመለስሁ። ማንም ውረጂ አላለኝም፤ ግን ተራዬ መምጣቱን አቆመ።

ከወር በኋላ ደብረ ማርቆስ ብወርድ ትልቅ ሰሌዳ ላይ ሥዕሏን አየሁ። «ከጮቄ ጫፍ ወደ ዓለም ጫፍ» ይላል። ከጥጉ በኩል አንድ ጆሮ ብቅ ብሏል። የበቅሎዬ ጆሮ ነው፤ ጫፉ የተቀደደ ስለሆነ አይጠፋኝም። አጠገቤ ለቆመ ጎልማሳ «ይህ ጫፉ አይደለም፤ በቅሎ እዚያ አትደርስም» አልሁት።

«እማማ፣ አገር ደስ ሲለው እርስዎ ለምን ይከፋዎታል?» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ዝም አልሁ። ስልክ በጮኸ ቁጥር ግን መርዶ ነው እያልሁ እደነግጥ ነበር።

የመጣችው ራሷ ናት፤ በአውቶቡስ፣ ያለ ባነር። ፊቷ በበረዶው ፀሐይ ተልጧል። ከኪሷ መጫኛዬን አወጣች፤ ከብዙ መነካካት ጠቁሯል።

«ተራራው ላይ በየድንኳን ሰፈሩ ቋጠርኩት» አለችኝ። «ሁለተኛው ሰፈር ላይ እምቢ አለኝ። ሮቤል በስልክ፣ አንድ ቀን ብቻ ታገሺ፣ ዜናው ተዘጋጅቷል ይለኛል። የዚያ አገሩ መሪ ሽማግሌ ነው፤ ቋንቋችን አይገናኝም። ጠፍሩን አሳየሁት። ሦስት ጊዜ ስሞክር አየኝና ምንም ሳይለኝ ቦርሳዬን አነሣ፤ ወደ ታች ጠቆመኝ።»

ሰሌዳው በዚያው ሳምንት ወረደ። አሁን ቦታው ላይ አንድ ኳስ ተጫዋች አለ። ሮቤል ስልኳን አያነሣም። ሹሙ ሌላ ቦታ ተሾሙ ይባላል። ከሰፈሯም «የኢትዮጵያን ስም አዋረደች» የሚል አልታጣም። ቆርቆሮው ግን መጥቷል። ዝናብ ሲዘንብ እኔም ከሥሩ እቀመጣለሁ፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም።

መቅደስ «እውነተኛውን ጫፍ አሳዩኝ» አለችኝ። ሁለት ሌሊት እያደርን ወጣን። አስታው ላይ ቋጠረች፤ ጓሳው ላይ ቋጠረች፤ በቅሎ ማሰሪያው ዘንድም ቋጠረች። ሰማዩ ጥርት ብሎ ጫፉ ከፊታችን ይታያል። መጫኛውን ፈታችና ወደ እኔ ዘረጋችው።

«እርስዎስ?»

በዚህ ሁሉ ዓመት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ያዝሁት። ሁለት ጊዜ አዞርሁት። ከዚያ የሚሳበው ጫፍ የትኛው እንደ ሆነ ጠፋኝ። «ብርዱ ነው» ልላት አፌን ከፈትሁ።

ቀና ብላ አየችኝ። «የእናትዎ ስም ማነው?» አለችኝ።

ስሟን ነገርኋት። ግን ዘግይቼ ነው የነገርኋት፤ ሁለታችንም አወቅን።

«እንውረድ፣ እማማ» አለችና የበቅሎዋን ልጓም ያዘች።

ወረድን። ጫፉን እስካሁን አልረገጠችም። እኔም በስም ብቻ የቀረልኝን መሪነት ለአያ ደምሴ በአፌ መለስሁለት፤ አሁን ከታች ሆኜ አዲስ ለሚገቡት ቋጠሮውን አስተምራለሁ። የምነግራቸው ይህን ነው፦ ወረቀቱን ሳታነቡ አትፈርሙ። መቋጠር ያቃተውን አውርዱ፤ መሪውም ቢሆን።