የጥሎ ማለፉ ዋንጫና የበራሶ እግር

ባለፈው ሳምንት ሁለት ወጣቶች ቡሌ ካለው ቤቴ ድረስ መጥተው የዘንድሮውን የወረዳዎች የጥሎ ማለፍ ዋንጫ ለአሸናፊው እንድሰጥላቸው ለመኑኝ። "ጋሼ፣ ዲላ ላይ ዋንጫ ያነሳ የቡሌ አምበል እርስዎ ብቻ ነዎት እኮ! የክብር እንግዳ ይሁኑልን" አሉኝ። ሻይ አስቀዳሁላቸውና ወገቤን ያመኛል ብዬ ዋሸኋቸው። ወገቤ ደህና ነው። ግን ኳስ ሜዳ ከረገጥኩ አርባ ዓመት አልፎኛል። ልጆቹ ሲወጡ ባለቤቴ "ምነው፣ ብትሄድላቸው ምን ነበረበት?" አለችኝ። ሠላሳ ዓመት አብሬያት ስተኛ ስነሳ ያልነገርኳትን ነገር በሻይ ሰዓት ከየት እጀምረዋለሁ?

ጥሎ ማለፍ ክፉ ውድድር ነው። በሌላው ውድድር ዛሬ ብትሸነፍ በሚቀጥለው ሳምንት ትክሳለህ። በጥሎ ማለፍ ግን አንድ ቀን ከተሸነፍክ ጓዝህን ጠቅልለህ ወደ ቤትህ ነው። ለዚህ ይመስለኛል ሰው በዚያ ሰሞን ልቡናውን የሚያጣው። ሌላውን እንጃ፣ እኛ አጥተን ነበር።

ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የቡሌ ቡድን በረኛና አምበል። አጥቂያችን በራሶ ይባላል። ጎረቤቴ ነው፣ ትምህርት ቤትም አንድ ዴስክ ላይ ነበር የምንቀመጠው። ቀጭን፣ ጥርሱ የማይከደን ልጅ ነበር። ኳስ እግሩ ሥር ከገባች ግን ያ ሳቂታ ሰውዬ ይጠፋና ሌላ ሰው ይመጣል። አንድ የትልቅ ከተማ ክለብ አሰልጣኝ ስሙን ሰምቶ፣ ለፍጻሜ ከደረሳችሁ መጥቼ አየዋለሁ ብሎ መልእክት ልኮልን ነበር። በራሶ ይህን ከሰማ ጀምሮ እንቅልፍ አልነበረውም። እውነቱን ለመናገር እኔም አልነበረኝም።

ወሩ ኅዳር ነው። ቡሌ ኅዳር ላይ ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ጠዋት ጉሙ ገብሱንም እንሰቱንም ሸፍኖ የጎረቤት አጥር እንኳ አይታይም። ከዚያ ጫማችንን አንገታችን ላይ አንጠልጥለን ቁልቁል ወደ ዲላ በእግር እንወርዳለን። በወረድን ቁጥር ሙቀቱ ስለሚጨምር ሹራባችንን እያወለቅን ወገባችን ላይ እናስራለን። ግማሽ መንገድ ላይ እናቶቻችን በኮባ ቅጠል የጠቀለሉልንን ቀዝቃዛ ቆጮ ከጎመን ጋር እንበላለን። ዲላ ስንቃረብ የቡና መፈልፈያዎቹ ሽታ ይቀበለናል፤ እንደ ኮመጠጠ ጠላ ያለ፣ አፍንጫ ላይ የሚቀር የገለባ ሽታ። አሁንም ኅዳር ላይ ያ ሽታ ሲመጣብኝ መስኮት እዘጋለሁ።

የመጀመሪያውን ጨዋታ ወናጎን አንድ ለዜሮ ጣልነው። ግማሽ ፍጻሜው ቅዳሜ ቀን ዲላ ላይ ከገደብ ጋር ነበር። በራሶ ከዕረፍት በኋላ አገባ። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ሁለተኛ ሊያገባ ሲሮጥ አንድ ተከላካይ ዘግይቶ ደረሰና ቅልጥሙን መታው። እኔ በሌላኛው ጫፍ፣ ጎል ውስጥ ነበርኩ። ምንም አልሰማሁም። ያየሁት የገደብ ልጆች ራሳቸውን ይዘው ዘወር ማለታቸውን ነው።

ከሜዳው ዳር የነበረችው ነርስ እግሩን ዳሰስ አድርጋ "ይሄ ስብራት ነው። አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰዱት" አለችን። ሆስፒታሉ ሩቅ አልነበረም፤ ከሜዳው በእግር ይደረስበታል። ግን ሆስፒታል ማለት ጄሶ ነው። ጄሶ ማለት ደግሞ ቢያንስ አንድ ወር ተኩል። ፍጻሜው በሳምንቱ እሁድ፣ የዛሬ ስምንት ቀን ነው። ልጆቹ ሁሉ እኔን አዩኝ። በራሶም መሬት ላይ ተጋድሞ፣ ላቡ ግንባሩ ላይ እየወረደ፣ እኔን አየኝ።

"ወደ አገራችን እንወስደዋለን። ወጌሻው ያየዋል" አልኩ።

በዚህ አትፍረዱብኝ አልልም፤ ፍረዱ። ብቻ እኛ ዘንድ የኳስ ተጫዋች ሲጎዳ የሚወሰደው ወደ ወጌሻ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የኔ ጣት ተጣሞ እኚያ ሽማግሌ በሁለት ቀን አስተካክለውልኝ ነበር። ሽቅብ የሚወጣ አይሱዙ ለምነን በራሶን ከገብስ ጆንያ ላይ አስተኛነውና ከሆስፒታሉ እየራቅን ሄድን።

ወጌሻው እግሩን በቅቤ አሹት። በራሶ የኔን ክንድ ነክሶ ነበር የቻለው። "ወለም ብሎታል እንጂ አልተሰበረም" አሉ። ከዚያ የተሰነጠቀ ቀርከሃ ዙሪያውን ደርድረው በቃጫ ገመድ ጥፍር አድርገው አሰሩት። "ቅዳሜ ራሴ መጥቼ እፈታዋለሁ፤ እሁድ ይሮጣል። እስከዚያ ከኔ በቀር ማንም እንዳይነካው፣ ከተነካ አጥንቱ ይስታል" ብለው አስጠነቀቁን። ይህ የሁሉም ወጌሻ ሕግ ነው፤ ያሰረው ሰው ሳይመጣ አይፈታም። ማናችንም አልተከራከርንም።

ሰኞ ከትምህርት ቤት መልስ ልጠይቀው ሄድኩ። እናቱ ጓሮ እንሰት እየፋቁ ነበር፤ ቤት ውስጥ እኔና እሱ ብቻ ነን። ፊቱ አመድ መስሏል።

"አምበሌ፣ እግሬ ሊፈነዳ ነው። ትንሽ አላላልኝ" አለኝ።

ከቀርከሃው ጫፍ የወጡት ጣቶቹ አብጠው ጠቁረዋል። እጄን ወደ ቋጠሮው ዘረጋሁ። የቃጫው ሻካራነት አሁንም ጣቴ ላይ አለ። ከዚያ እሁድ ትዝ አለኝ። ብፈታውና አጥንቱ ቢስትስ? አሰልጣኙ መጥቶ ቢያጣውስ? ዋንጫውስ? እጄን መለስኩ።

"ቻል አድርገው ወንድሜ። አጥንት ሲገጥም እኮ ነው እንዲህ የሚያመው" አልኩት።

ማን ነገረኝ? ማንም። እዚያው የፈጠርኩት ነው።

"እሺ" አለኝ በራሶ።

ረቡዕ ስሄድ ይስቃል። "ተወኝ ባክህ! ምንም አያመኝም" አለኝ። እኛ ደግሞ፣ ወይ ጉድ፣ ደስ አለን! ቡድኑ በሙሉ ቤቱን ሞልቶ ዘፈነ፤ እናቱም እንባ እያነቡ ፈጣሪያቸውን አመሰገኑ። ለቀልድ ብዬ የእግሩን አውራ ጣት ቆነጠጥኩት። ወሬውን አላቋረጠም። ቁንጥጫው አልተሰማውም። እኔም የወጌሻው እጅ ምን ቢባረክ ነው ብዬ ተገረምኩ። ሕመሙ የተወው እግሩ ስለሞተ መሆኑን አሥራ አንድ ሰው በአንድ ክፍል ተሰብስቦ አንድም የገባው አልነበረም።

ዓርብ ቤቱ መሽተት ጀመረ። ቅዳሜ ጠዋት ወጌሻው እንደ ቃላቸው መጥተው ፈቱት። ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ተነስተው "ሆስፒታል" አሉና ወጡ።

ዝናብ ያለ ወቅቱ ጥሎ መንገዱ ጭቃ ስለነበር መኪና አልነበረም። ቃሬዛ ሠርተን፣ አራት አራት ሆነን እየተፈራረቅን፣ የወረድነውን መንገድ ወረድነው። ቀን ሙሉ ፈጀብን። በራሶ ትኩሳቱ እየጨመረ ይቃዣል፤ "አቀብለኝ! አቀብለኝ!" ይላል። ሐኪሙ ወጣት ነበር። እግሩን ገልጦ አየና "ማን ነው ያሰረው?" አለ። የወጌሻውን ስም እኔ ነኝ ቀድሜ የተናገርኩት። "ይህን ያህል ቀን ሲቆይስ? ጣቱን ያየ ሰው የለም?" አለ።

እሁድ ጠዋት ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት። እሁድ ከሰዓት ፍጻሜው ነበር።

ተጫወትን። አዎ፣ ተጫወትን። ዲላ ነን፣ ዕለቱ ደርሷል፤ አዘጋጆቹ ብትቀሩ በፎርፌ ትሸነፋላችሁ አሉን፤ አንዱ ለበራሶ ስንል እንጫወት አለ፣ ሌላውም እሺ አለ። የከተማውን ቡድን ሁለት ለዜሮ አሸነፍነው። ያለ እሱ! ከሁሉ ይህ ይገድለኛል። ነርሷን ሰምተን ጄሶ አስረንለት ቤቱ አስቀምጠነው ብንመጣም ያንኑ ዋንጫ እናነሳ ነበር። ዋንጫውን ስቀበል ያ አሰልጣኝ ወደ እኔ ተጠጋና "ያ ቀጭኑ ልጅ የታል?" አለኝ። "ትንሽ አሞት ነው" አልኩት።

ከዚያ በኋላ አገር ሁሉ በወጌሻው ላይ ተነሳ። በሳቸው ደጅ የሚያልፍ ሰው ጠፋ። ገበያ ላይ ሰላምታ ነሷቸው፤ እንዲሁ እንደተገለሉ ሞቱ። አጥፍተዋል፣ አልክድም። ግን ጥፋቱ የሁለት ሰው ነበር፤ እኔ የኔን ድርሻ በሳቸው ጀርባ ላይ ጫንኩና መምህር ሆኜ፣ ተከብሬ፣ ጡረታ ወጣሁ።

በራሶ አሁን ቡሌ ውስጥ የደብተርና የእስክሪብቶ ሱቅ አለው። አግብቶ ሦስት ሴት ልጆች ወልዷል። በሳምንት ሁለት ሦስቴ እንገናኛለን፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን እናወራለን። ስለዚያ ሰኞ ግን አንድም ቀን አንስተን አናውቅም። ረስቶታል እያልኩ ራሴን እያታለልኩ ኖሬአለሁ።

ወጣቶቹ መጥተው ከሄዱ በኋላ አላስችል አለኝ። እሁድ ከጸሎት ስንወጣ ሱቁ ድረስ ተከተልኩት። ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ እስኪቀመጥ ጠበቅኩና "በራሶ፣ ያኔ ሰኞ ዕለት አላላልኝ ብለኸኝ..." ብዬ ጀመርኩ። መጨረስ አቃተኝ። ሽማግሌ ሰውዬ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሱቅ በር ላይ አለቀስኩ።

በራሶ አልተቆጣም። ይቅር ብዬሃለሁም አላለኝም።

"የታሰረው እግሬ ነው እንጂ እጄ እኮ አልታሰረም ነበር" አለኝ። "ቋጠሮው አጠገቤ ነው። አንተ ከወጣህ በኋላ ሁለት ጊዜ ያዝኩት። አምበሌ ቻለው ካለኝ የሚያውቀው ነገር አለ ብዬ ተውኩት።"

ይህን ሁሉ ዓመት ያለቀስኩት እጄን ስለመለስኩ ነበር። እሱ ደግሞ እኔን አምኖ እጁን መልሷል። ይህን አላውቅም ነበር፤ አሁን አወቅኩ። ቤቴ ገብቼ ባለቤቴን አስቀመጥኳትና ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት።