የጮቄ ጭጋግ

ትናንት ለልጄ አሮጌ ጌም ከሆም ቲያትሩና ከቴሌቪዥኑ ጋር ሳገናኝለት ገመዱን አሳስቼ ሰካሁት መሰለኝ፣ ስክሪኑ በነጫጭ ነጠብጣብ ተሞልቶ «ሽሽሽ» አለ። እጄ ገመዱ ላይ ቀረ።

ልጅ ሳለሁ፣ ደብረ ማርቆስ፣ የፋሲካ ዕለት ነበር። ጎረቤታችን አያ ስማቸው ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው እኛ ቤት መጡ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያላዩት ወታደር ልጃቸው በቴሌቪዥን «እንኳን አደረሳችሁ» እንደሚል ተነግሯቸዋል። እኔ ደግሞ ጠዋት ማንም ሳያየኝ፣ አጎቴ ከአዲስ አበባ ያመጣልኝን ጌም ልሞክር ብዬ የአንቴናውን ገመድ ነቅዬ፣ የጣቢያ መፈለጊያውንም አዙሬው ነበር። ገመዱን መልሼ ሰካሁት፤ ጣቢያውን መመለስ ግን አላወቅሁበትም። ጌሙን አልጋ ስር ደበቅሁት።

ቴሌቪዥኑ ሲከፈት «ሽሽሽ» ብቻ ሆነ። አባቴ በበዓል ልብሱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቴናውን እያዞረ «አሁንስ?» ይላል።

«ኧረ ምንም የለም!» እያልኩ የምመልስለት እኔው ነኝ።

አያ ስማቸው ወንበራቸውን አስጠግተው ነጠብጣቡን ትኩር ብለው ያያሉ።

«የጮቄ ጭጋግ ነው፤ ከተራራው ወርዶ ጋርዶት ነው። ምን ይደረጋል ልጄ፣ አንቺ አላመጣሽው» አሉኝ። ፕሮግራሙ ያልቃል እስከተባለበት ሰዓት ድረስ ከወንበሩ አልተነሱም።

በማግስቱ አንዲት ጎረቤት ለአያ ስማቸው ልጃቸውን በቴሌቪዥን እንዳየችው ስትነግራቸው አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

«ከስቷል?» ብለው ብቻ ጠየቋት።

እጄ ገና ገመዱ ላይ እያለ ልጄ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። «እማ፣ ምን ሆነ? አንቺ ነሽ ያበላሸሽው?»

«አይ» አልኩት፣ «ጭጋግ ነው።»